የካቴተር መያዣው ለምን ይለቃል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የሽንት ካቴተር (ሽንት ከፊኛ ለማውጣት የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገቢያ መያዣችንን ከምትጠቀሙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ገፋ ስናደርገው ካቴተሩን ይለቃል፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ልትሠሩት አትችሉም?» እንችላለን፤ ግን አናደርገውም። የሚለቀው ሆን ተብሎ ስለሆነ፣ ምክንያቱን በዝርዝር ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው።

ማለስለሻ ጄል የተቀባ ካቴተር በጓንት ሲያዝ ያሟልጫል። ስለዚህ እጅ ወደ ኋላ፣ ወደ ደረቁ ክፍል ይሸሽና ከጫፉ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይገፋል። መሀል ላይ ያለው ቱቦ ይጎብጣል፤ ግፊቱም ጫፉ ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። አልገባ ሲል ደግሞ ይበልጥ ይገፋል፤ ቱቦው ድንገት ሲቃና ያ ሁሉ ኃይል ባንዴ ጫፉ ላይ ያርፋል። መያዣው ይህን ለማስቀረት የተሠራ ነው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚከፈቱት ሁለት መንጋጋዎቹ ውስጣቸው 3 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቦይ አለው፤ ቦዩ ቱቦውን ዙሪያውን አቅፎ ስለሚይዝ ከጫፉ አጠገብ ይዞ ማስገባት ይቻላል።

የወንድ የሽንት ቧንቧ ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ቀጥ ያለም አይደለም። ወደ ታች ወርዶ ይታጠፍና ሽንትን በሚቆጣጠረው ጡንቻ አልፎ ከፊኛ ሥር ወዳለው ዕጢ፣ ወደ ፕሮስቴት፣ ይወጣል። የካቴተር ጫፍ በብዛት የሚቸከለው በዚያ መታጠፊያ ወለል ላይ ነው። በኃይል ከተገፋ ስስ የሆነውን ሽፋን ይበሳና ፎልስ ፓሴጅ የሚባለውን የተሳሳተ መንገድ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ካቴተር ሁሉ ወደዚያው ቀዳዳ ይሄዳል፤ ቁስሉ ሲድንም ጠባሳው ቧንቧውን አጥብቦ ስትሪክቸር ሊያመጣ ይችላል። መንጋጋው ቱቦውን የሚለቀው ይህ ከመሆኑ በፊት ነው። ጠበቅ አድርገን ብንሠራው ይህን መከላከያ ከእጃችሁ መንጠቅ ይሆናል።

መያዣው ያለ ምክንያት የሚለቅበት ጊዜም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ሳይገጥም ቀርቶ ነው። በካቴተር ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ ማለትም ፍሬንች ወይም ሻሪየር፣ የውጭውን ስፋት ይናገራል፤ 3 ፍሬንች 1 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 14 ቁጥር 4.7 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 16 ቁጥር 5.3፣ 18 ቁጥር ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የመያዣዎቻችን ቀለም ከካቴተሩ ጭራ ቀለም ጋር አንድ ነው፦ አረንጓዴ ለ14፣ ብርቱካናማ ለ16፣ ቀይ ለ18። ብርቱካናማውን ለ14 ቁጥር ብትጠቀሙ ቶሎ ይለቃል፤ ይህ ጊዜ ከማባከን በቀር ብዙም አይጎዳ። አሳሳቢው ተቃራኒው ነው፦ አረንጓዴው 16 ቁጥርን አንቆ ይይዛል፣ መልቀቅ በሚገባው ሰዓት አይለቅም፣ በቱቦው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን የባሉን (ካቴተሩ እንዳይወጣ ፊኛ ውስጥ በውኃ የሚሞላው ከረጢት) መሙያ መስመርም ይጨፈልቃል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ለወንድ ታካሚ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ጄል በቀስታ ወደ ሽንት ቧንቧው ይጨመራል፤ ካቴተሩን ብቻ መቀባት አይበቃም፣ መግቢያው ላይ ተጠርጎ ይቀራል። ጄሉ ሊዶኬይን የሚባለው ማደንዘዣ ካለው አስቀድማችሁ ስለ አለርጂ ጠይቁ፤ ከጨመራችሁ በኋላም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ጥበቃ ነው። ብልቱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ በመጠኑ ሳቡት። መያዣውን ከካቴተሩ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ አስይዙ፤ መንጋጋው ወደ መግቢያው 2 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ከፍታችሁ ወደ ኋላ መልሱና እንደገና ያዙ። ጡንቻው ጋ ሲደርስ የሚሰማው መጠነኛ ተቃውሞ የተለመደ ነው፤ አትምቱት። ታካሚው በረጅሙ ይተንፍስ፣ ሽንት እንደሚሸና ያድርግ፤ እናንተም ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ በለስላሳው ግፉ።

መያዣው እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ከለቀቀ አቁሙ። ብዙዎች ወደ ቀጭን ካቴተር ይሄዳሉ፤ ፕሮስቴቱ ላበጠ ሰው ግን ቀጭኑ ይጎብጣል፣ መንገድ ይስታል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ ጫፉ የታጠፈው ኩዴ ካቴተር፣ ለምሳሌ 18 ቁጥር፣ ጫፉ ወደ ላይ እንደ ሰዓት 12 አቅጣጫ ዞሮ ቢገባ ይሻላል። የስትሪክቸር ታሪክ ያለው ታካሚ ከሆነ ዩሮሎጂስት ይጠራ። የዳሌ አጥንት ጉዳት ደርሶበት መግቢያው ላይ ደም ለሚታይ ሰው መያዣውም ካቴተሩም መቅረብ የለባቸውም፤ መጀመሪያ ቧንቧው በራጅ ይታያል።

ያለ ችግር ከገባ፣ በወንድ ላይ የካቴተሩ ጭራ ለሁለት እስከሚከፈልበት መገንጠያ ድረስ ይግባ። መያዣውን ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ ቱቦው ላይ እንዳለ ባሉን ከተሞላ መስመሩ ሊዘጋ ይችላል። ሽንት ካልመጣ ጄል ቀዳዳውን ደፍኖት ሊሆን ስለሚችል ከብልት በላይ ያለውን ሆድ በቀስታ ተጫኑ ወይም በካቴተር ሲሪንጅ ሳቡ። ሽንት ሳታዩ ባሉን አትሙሉ። የሚሞላው 10 ሚሊ ሊትር ስቴራይል ውኃ ነው፤ ኖርማል ሳላይን የሚባለው የጨው ውኃ ጨው እየሠራ መስመሩን ሊዘጋና በኋላ ባሉኑ አልጎድል ሊል ይችላል። ባሉኑ ሲሞላ ታካሚውን ካመመው ባሉኑ ያለው ቧንቧው ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አጉድሉት። ያልተገረዘ ከሆነ ሸለፈቱ ወደ ቦታው ይመለስ።

ለሴቶች መያዣው ብዙም አያስፈልግም፤ ቧንቧው 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቱቦው አይጎብጥም። እዚያ ዋናው ነገር ጥሩ መብራትና አቀማመጥ ነው። ካቴተሩ ተሳስቶ ቫጂና (ወደ ማሕፀን የሚወስደው መንገድ) ውስጥ ከገባ ምልክት እንዲሆን እዚያው ተዉትና ሌላ አዲስ ተጠቀሙ።

ስለ አጸዳዱ፦ ጄሉ ሳይደርቅ እጠቡ፤ ቦዩ ላይ የደረቀ ጄል እንፋሎት እንዳይደርስ ያግዳል፣ አያያዙንም ይቀይራል። መንጋጋው ተከፍቶ በ121 ዲግሪ በእንፋሎት ማምከኛ (አውቶክሌቭ) ይደረግ። ደረቅ ሙቀት ኦቨን ውስጥ አታስገቡት፤ የተሠራበት ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በረኪና ውስጥም አታሳድሩት፣ ስፕሪንጉን ይበላዋል። ቫዝሊን በፍጹም አትጠቀሙ፤ የላቴክስ ካቴተርን ያበላሻል።

ለጥገና ከመጡልን መያዣዎች በአንዳንዶቹ መንጋጋ ላይ እንዳይለቅ ፕላስተር ተጠቅልሎ አይተናል። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ከሥራ አውጡት። ፕላስተሩ ቢነሳም ሙጫው ቦዩ ላይ ይቀራል፤ መያዣውን ላኩልን፣ በነጻ እንቀይርላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል