ሰኒዬ፣ ስለ ሶፊ ልንገርሽ

ሰኒዬ፣

እንደጠፋሁ አውቃለሁ። ስድቡን እቀበላለሁ፤ ብቻ መጀመሪያ ደብዳቤውን ጨርሺ። የእትዬ ጉልበት ተሻላቸው? ያ ባልሽስ አሁንም ዜና በመጣ ቁጥር ሬዲዮው ላይ ይጮኻል? እሺ፣ ሰላምታው ይብቃን።

ቤተ ክርስቲያናችን ልጆቹን እዚሁ ጀርመን ማርቡርግ የምትባል ከተማ ሊያስጎበኝ ነው። አስረጂ ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ታሪክ ተምራለች ተብዬ! ያን ሁሉ ፈተና ከማን ጎን ተቀምጬ እንዳለፍኩ አንቺ ታውቂያለሽ።

እናማ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይኸው ሌሊቱን ሙሉ አላቆም ብያለሁ። ማርቡርግ ሲባል የኤልሳቤጥ ከተማ ናት። የሃንጋሪ ንጉሥ ልጅ፣ የቱሪንጊያ (የጀርመን አገር ክፍል ነው) ላንድግራፍ፣ ማለት የአገር ገዥ፣ ሚስት። ባሏ ለመስቀል ጦርነት እንደወጣ በ1227 ኢጣሊያ ውስጥ ሞተባት (ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ከዚያ ማርቡርግ ላይ ሆስፒታል አቁማ ድሆችን ስታስታምም በ1231 አረፈች፤ ገና 24 ዓመቷ ነበር። በእኛ ስንክሳር የለችም፤ እነሱ ግን ቅድስት ይሏታል። እኔን የያዘችኝ ልጇ ሶፊ ናት።

መጀመሪያ ላንድግራፍ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ልጆቹም የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ግራፍ በፍራንኮቹ ንጉሥ በሻርለማኝ ዘመን የንጉሥ ሹም ነበር። ይፈርዳል፣ ጦር ይመራል፣ ንጉሡ ከፈለገም ይሽረዋል። ቀስ በቀስ ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ጀመረና የቤተሰብ ርስት ሆኖ ቀረ። ጠረፍ የሚጠብቀው ማርክግራፍ ይባላል። የኛ ባሕረ ነጋሽ ዓይነት ነው ልላቸው አሰብኩ፤ ለካ ባሕረ ነጋሽንም አያውቁትም። ላንድግራፍ ደግሞ ከተራው ግራፍ ከፍ ያለ ነው፤ በእሱና በንጉሡ መካከል መስፍን የለም። የቱሪንጊያዎቹ ማዕረጉን ያገኙት በ1131 ከጀርመኑ ንጉሥ ከሎታር ነው።

ግዛታቸው፣ ቱሪንጊያና ሄሰን፣ ግን አንድ ወጥ አልነበረም። እዚህ ጋ ግንብ፣ እዚያ ጋ የመፍረድ መብት፣ መሃል ላይ የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ መሬት። ላንድግራፉ ራሱ ከያዘው የተወሰነው ከሊቀ ጳጳሱ በጉልት የተቀበለው ነው። እኔ የምኖርባት ፍራንክፈርት ዛሬ ሄሰን ውስጥ ናት፤ ያኔ የንጉሡ ከተማ እንጂ የላንድግራፉ አልነበረችም።

አሁን ስሚ። በ1247 ላንድግራፍ ሃይንሪሽ ራስፔ ልጅ ሳይተካ ሞተ። የሶፊ አጎት ነው፣ የአባቷ ወንድም። ወዲያው ሦስት ጠያቂ ተነሣ። የማይሰኑ ማርክግራፍ የራስፔ የእህቱ ልጅ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ግዛቱን ገና በ1243 ቃል ገብቶለታል። ሊቀ ጳጳሱ «ያበደርኩት መሬት ይመለስልኝ» አለ። ሦስተኛዋ ሶፊ ናት። በ1248 ባሏ የብራባንት (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) መስፍን ሞተ፤ መስፍንነቱ ለእንጀራ ልጇ ሄደ። የእሷ ልጅ ገና አራት ዓመት አልሞላውም። ይዛው ማርቡርግ መጣችና «ጌታችሁ ይኸው» አለቻቸው።

ሴትዮዋ እኮ ቀላል አይደለችም! ደብዳቤ ስትጽፍ ራሷን «የቅድስት ኤልሳቤጥ ልጅ» ትላለች። እናቷ ሁሉን ትታ ለድሆች የኖረች፣ እሷ በእናቷ ስም መሬት ትጠይቃለች። መጀመሪያ ሳነብ ተናደድኩባት። አሁን እንጃ። ምን ነበራት ሌላ?

ጦርነቱ እስከ 1264 ቆየ። አጋሯ የብራውንሽቫይግ መስፍን በ1263 ተማረከባት፣ በዚያው ዓመት ከሊቀ ጳጳሱ ጋር ታረቀች። በመጨረሻ ቱሪንጊያ ለማይሰኑ፣ ሄሰን ለልጇ ሆነ። ላንድግራፍ መባሉን ግን ሁለቱም አለቀቁትም። ልጁ በ1292 የኤሽቬገን ከተማ ለንጉሥ አዶልፍ አስረከበ፤ ንጉሡም እሷኑ መልሶ በጉልት ሰጠውና የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ልዑል አደረገው። የራሱን ሰጥቶ የራሱን ተቀብሎ አደገ! የሞተው በ1308 ነው፣ በ64 ዓመቱ፤ እስከ ዛሬ ግን «ሃይንሪሽ ሕፃኑ» ነው የሚሉት። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው እንደሚስቁ አውቃለሁ።

ሰኒ… ለምን ሶፊ ላይ እንደተጣበቅኩ ሳይገባሽ አይቀርም። የአባዬ ቤት ነገር ነው። አጎቴ «ወንድሜ በሕይወት ሳለ ለእኔ ብሎኛል» እያለ ነው። ማን ሰማ? ማንም። ክስ ብመሠርት ዘመድ ሁሉ «ፈረንጅ አገር ተቀምጣ» ይለኛል። ብተወው ደግሞ ልጄ አንድ ቀን የአያቴ ቤት የት ነው ሲለኝ ምን እለዋለሁ? ከአጎቴ ጋር ደግሞ መጣላት አልፈልግም። ያሳደገኝ ሰው ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የዓመት በዓል ጫማችንን ሁለታችንንም የገዛልን እሱ አይደል?

ይህን ያህል ጠፍቼ መጥቼ ይህን መጠየቅ ከበደኝ፤ እንደው ልናገረው። ጋሼን ለምኚልኝ። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ፣ የእሳቸውን ቃል አጎቴ አይገፋም። ብቻቸውን እንዳይሄዱ፣ ቄሱንና የዕድሩን ዳኛ ይጨምሩ። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት አይወጣም። ግማሹን እሱ ይኑርበት፣ እኔ አላስወጣውም፤ የአባዬ ስም ግን ከካርታው ላይ እንዳይነሣ። የካርታውን ፎቶ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። የታክሲ በእኔ ነው፣ ጋሼ እንቢ ቢሉም አንቺ ተቀበዪ።

ያንቺው
ሂሩት