ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋዬ

እንደምን ከረምክ? ጠፋሁ፤ ስድቡን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እቀበላለሁ። አሁን የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው፤ አትሳቅ።

ልጄ ልታገባ ነው። ልጁ ሳርክ የምትባል፣ እዚህ ከገርንዚ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ካለችው ደሴት፣ በጀልባ አንድ ሰዓት የማትሞላ ደሴት ተወላጅ ነው። ሥራው ጋሪ መንዳት። ትራክተር እንጂ መኪና የማይነዳባት አገር ናት፤ እሱስ ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው፦ ባለጉልት አላቸው! በዚህ ዘመን! ሴኜር ይሉታል። በ1565 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ደሴቲቱን ጀርሲ ከምትባለው ጎረቤት ደሴት ለመጣ አንድ ጌታ ስትሰጥ፣ 40 መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስፍሮ ከባሕር ወንበዴ ሊጠብቃት ነበር። መሬቱን ከፋፍሎ አሰፈራቸው፤ ማዕረጉ እየተወረሰም እየተሸጠም ይኸው ዛሬ ደረሰ። እስከ ቅርብ ጊዜ ቦታ ሲሸጥ ከዋጋው አንድ አሥራ ሦስተኛው የጌታው ነበር። ርግብ ማርባት እንኳ ለእሱ ብቻ ነበር! «መሬት ላራሹ» እያልን ስንጮህ ድምፃችን የጠፋው እኔና አንተ፣ የልጅ ልጃችን ለጌታ ጭሰኛ ሊሆን ነው?

ይህን ለልጁ ብለው ሳቀብኝ። «አባባ፣ አሁንማ እንመርጣለን» አለኝ። እውነቱን ነው። ቺፍ ፕሊዝ በሚሉት ምክር ቤታቸው ባለመሬቶቹ ማንም ሳይመርጣቸው ይቀመጡ ነበር፤ በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. ግን ሁሉንም ወንበር በምርጫ ሞሉት። አሁን 18 ተመራጮች ናቸው፤ ነዋሪው ደግሞ ጥቂት መቶ ሰው ነው። ስታስበው፣ ከሕግ አውጪው ጋር በየቀኑ መንገድ ላይ ትገናኛለህ። ይህስ፣ እውነት ለመናገር፣ አስቀናኝ።

ደግሞ ስማ፣ አንተን ያስታወሰኝ ይህ ነው። እዚያ ሰው መሬቱ ላይ በደል ሲደርስበት በምስክር ፊት ተንበርክኮ «ሃሮ! ሃሮ! ሃሮ! ልዑሌ ሆይ ድረስልኝ፣ ተበደልኩ» ብሎ አቡነ ዘበሰማያትን በፈረንሳይኛ ይደግማል። በዳዩ ፍርድ ቤት እስኪወስን እጁን ይሰበስባል። ያለ አግባብ የጮኸ ግን ይቀጣል። «በንጉሥ አምላክ!» አይደለም እንዴ? አንተ በዳኝነት የኖርክ ሰው ነህ፤ የእኛን ሰው በሐሰት ሲያስቆም ምን ይቀጡት ነበር? ልጁ ጠይቆኝ አፌን ይዤ ቀረሁ፤ ወጉ ቢገለጥልኝ ደስ ይለኛል።

እና ያው... አንድ ነገር ልለምንህ። እኅቴ ዘንድ ሂድልኝ። «የማን ልጅ ነው? ምን ይሠራል?» ማለቷ አይቀርም። ስለ ጌታው አታንሣባት፤ ጋሪውንም ቀስ ብለህ። ትራንስፖርት ነው በላት። አማችነቱን እኔ ተቀብያለሁ፤ እሷን ማሳመን ግን ካንተ በቀር የሚችል የለም።

ወንድምህ