ፀሐይ ላይ የመጣ ፍርሃት

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ እንዲህ ብዬ መጀመሬ እኔንም አሳፍሮኛል። ሰበብ አልደረድርም፤ መጀመሪያ ሰነፍኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ እፍረቱ ከስንፍናው ባሰ።

አንተን ያስታወሰኝ ፊልም ነው። በእናንተ ክረምት ሲገባ እዚህ ለንደን በጋ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እንኳ ሰማዩ አይጨልምም። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ሙቀቱ ስላላስወጣኝ መጋረጃ ዘግቼ የእንግሊዞችን የድሮ አስፈሪ ፊልሞች ሳይ ዋልኩ።

የጀመርኩት በፈረንጆቹ 1958 ከተሠራው «ድራኩላ» ነው። ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሊ ደም መጣጩን ድራኩላ ሆኖ በዚያ ቁመቱ ደረጃውን ሲወርድ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ፤ አንተ አግዳሚው ሥር ገብተህ «አለቀ?» እያልክ ስትጠይቀኝ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ «ገና ነው» ስልህ። ዛሬ ግን ደሙ ቀለም መሆኑ ያስታውቃል፤ ሳቅሁ።

እሁድ ያየሁት «ዘ ዊከር ማን» ግን አላሳቀኝም። የ1973 ፊልም ነው። አንድ አጥባቂ ክርስቲያን ፖሊስ የጠፋች ልጅ ሊፈልግ ወደ አንዲት የስኮትላንድ ደሴት ይሄዳል። ጨለማ የለም፣ ጭራቅ የለም። ሰዎቹ ፈገግተኞች ናቸው፣ ይዘፍናሉ፤ እናቷ ሳትቀር ልጅቷን አላውቃትም ትላለች። ክሪስቶፈር ሊ እዚህም አለ፣ ያለዚያ ጥርሱ፣ የደሴቲቱ ጨዋ ጌታ ሆኖ፤ ለእኔ ከድራኩላው ይልቅ የሚያስፈራው ይኸኛው ነው። መጨረሻውን አልነግርህም።

ታሪኩ የሚያልቀው በሜይ ወር መጀመሪያ፣ ዛፍ በሚያብብበት ጊዜ ነው። የተቀረጸው ግን በ1972 መጸው፣ በብርድ ነበር። ቅርንጫፍ ላይ የውሸት አበባ ለጠፉ፤ ተዋንያኑም ትንፋሻቸው እንዳይታይ አፋቸው ውስጥ በረዶ ይይዙ ነበር። ይህን ሳነብ በመጀመሪያው ዓመት የላክሁልህ ፎቶ ትዝ አለኝ፤ ፀሐይ ላይ ቆሜ የምስቅበት። የጥር ፀሐይ ነበረች፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ሥራም አልነበረኝም። አንተ ግን «ተመችቶሃል» ብለህ ጻፍክልኝ፣ እኔም አዎ አልኩ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ከየት ልጀምረው?

እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ቪዲዮ ቤት መግባታችንን ያወቁ ዕለት የገረፉን ሁለታችንንም እኩል ነበር፤ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እሁድ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እደውላለሁ። ፊልሙን ፈልገህ ጠብቀኝ፣ አብረን እናየዋለን። አግዳሚ ሥር መግባት ግን የለም።

ወንድምህ