የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የነፋስ ጉዳት ምዝገባ

የዘንድሮው ዋና ሥራ የቶርኔዶን (ከነጎድጓድ ደመና እስከ ምድር የሚደርስ ብርቱ የነፋስ አዙሪት) ድግግሞሽና ብርታት ማጥናት፣ በዚያው ዘዴም በአካባቢያችን የሚደርሰውን የነፋስ ጉዳት መመዝገብ ነበር። ጎጃም በቶርኔዶ የሚታወቅ አገር ስላልሆነ ቁጥሩን ከአሜሪካ ወሰድን፤ ልምምዱ ግን በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሆነ። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ከታረሰ ማሳ የሚነሳውን የአዋራ አዙሪት ከቶርኔዶ አልቆጠርነውም፤ ቶርኔዶ ከነጎድጓድ ደመና ጋር የተያያዘ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአሜሪካ በዓመት ወደ 1,200 ቶርኔዶ ይመዘገባል፤ ዋናው ምድሯ 8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለየ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር 1.5 ይደርሳል። ይሁንና ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ወዲህ በአየር ሁኔታ ራዳር መስፋፋት ቀድሞ ሳይታዩ ያልፉ የነበሩ ደካሞች ወደ መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ ዓመትን ከዓመት ለማነጻጸር በብርታት መለኪያው ዝቅተኛ የሆነውን ደረጃ፣ ኢኤፍ0ን፣ ትቶ ከኢኤፍ1 መጀመር ይሻላል።

ብዙ ክርክር ያስነሳው ብርታቱ ነው። ኢኤፍ የሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 5 ሲሆን ከ105 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጀምራል፤ 5 የሚሰጠው ከ322 በላይ ለሆነው ነው። ደረጃው የሚወጣው ግን ነፋሱ ካለፈ በኋላ ከፈረሰው ነገር ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሪኖ አጠገብ የተነሳው ቶርኔዶ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ተንቀሳቃሽ ራዳር በሰዓት ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ለክቶበታል። በአብዛኛው ባዶ እርሻ ላይ ስላለፈ በመዝገብ ኢኤፍ3 ሆኖ ቀረ። ቤት የሌለበት ማሳ ምስክር አይሆንም!

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር 550 ኒውተን ገደማ ይገፋል፣ በ60 ሜትር 2,200። ይህ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀነስለታል።

ለመስክ ኮምፓስ፣ ሜትር፣ ደብተርና የስልክ ካሜራ ይበቃል። ዛፎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ከወደቁ ወይም ወደ ውጭ ከተበተኑ ከደመና ወርዶ በቀጥታ የነፈሰ ነፋስ ነው፤ ወደ መሃል መስመር ከተሰበሰቡ አዙሪት ይጠረጠራል። ችግሩ፣ የወደቀ ባሕር ዛፍ ውሎ ሳያድር ለማገዶና ለአጣና ይቆረጣል። ያን ጊዜ ጉቶው ከነሥሩ ካለ ወደየት እንዳዘነበለ አይቶ አቅጣጫውን ከእሱ መውሰድ ይቻላል።

ጣሪያ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው ሚስማሩ ነው። ቆርቆሮው በሚስማሩ ዙሪያ ተቀዶ ሚስማሩ እንጨቱ ላይ ከቀረ ነፋሱ ብርቱ ነበር ወይም ቆርቆሮው በዝገት ሳስቷል። ሚስማሩ ራሱ ተነቅሎ ከወጣ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለነፋስ መስጠት ስህተት ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፣ መጠነኛ ነፋስም ይነቅለዋል። እንዲህ ያለውን ጣሪያ ከብርታት ግምት ውጭ አድርገን በ«አሠራር» ዓምድ ብቻ እንመዘግባለን።

ቅጹ ለክረምት ዕረፍት ወደየቀበሌያቸው ለሚሄዱ አባላት ታድሏል። የሚሞላው ጣሪያው ከመጠገኑ በፊት ነው፤ የሚስማሩ ፎቶ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ይነሣ።