ለአባቴ፦ ስለ ጌሞች ተከታይ ክፍል

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እዚህ ጅማ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር፣ የልጅ ልጅዎ በየመስከረሙ አዲስ የእግር ኳስ ጌም ግዙልኝ እያለ ማስቸገሩን ሰምተው፣ «ሰዎቹ ያንኑ ነገር የሚደጋግሙት ሥራውን ወደውት ነው ወይስ ለገንዘብ?» ሲሉ ጠይቀውኝ ነበር። በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስረዳዎት ፈለግሁ።

በእግር ኳሱ ጌም ረገድ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ፊፋ በሚል ስም በየዓመቱ ሲያወጣው ኖሮ፣ ከፊፋ ጋር የነበረው ውል ሲያበቃ በ2023 ስሙን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ አለው፤ ጌሙ ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። ከሽያጩ ሌላ፣ ልጆች ውስጡ ማን እንዳለ ሳያውቁ ከፍለው በሚከፍቱት የተጫዋቾች ጥቅል ብዙ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ዓመቱን ሙሉ ያሰባሰቡት ቡድን ደግሞ ወደ አዲሱ እትም አይሻገርላቸውም። ይህን የሙያ ፍቅር ነው ብዬ ልከራከርለት አልችልም።

ይሁን እንጂ ትርፍ ተከታይ ክፍል የሚያስቀርበትም ጊዜ አለ። ሮክስታር የተባለው ጌም ሠሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ግራንድ ቴፍት አውቶ 5 ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ በኢንተርኔት የሚካሄደው ክፍሉም ገንዘብ ማስገባቱን ስላላቋረጠ፣ ድርጅቱ ተከታዩን ሳያወጣ ከ10 ዓመት በላይ ሲቆይ የጎደለበት ነገር አልነበረም።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ የላሪያን ጉዳይ ነው። ይህ የቤልጂየም ጌም ሠሪ ስቱዲዮ በ2023 ያወጣው ባልደርስ ጌት 3 እጅግ ከተሸለሙት ጌሞች አንዱ ስለሆነ፣ ተከታዩ ገዢ እንደማያጣ ማንም ያውቅ ነበር። መሥራቹ ስዌን ቪንኬ ግን በ2024 ለዚያው ጌም ጭማሪ ክፍልም ሆነ አራተኛውን ጌም እንደማይሠሩ አስታወቀ፤ ጭማሪውን ጀምረውት ሳለ ባልደረቦቹ ከልባቸው ሳይሆን ግዴታ ስለመሰላቸው እንደሚሠሩ አይቶ ነበርና። እንዲህ ለመወሰን የቻለው፣ በእኔ እምነት፣ ድርጅቱ በአብዛኛው የራሱ ስለሆነ ነው።

በአውስትራሊያዋ አዴሌድ የሚገኘው ቲም ቼሪ የተባለ ስቱዲዮ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ሲሆን፣ በ2017 ያወጡት ሆሎው ናይት በሚሊዮኖች ተሸጦላቸዋል። ለእርሱ ጭማሪ እንዲሆን ያሰቡት ሥራ እየሰፋ ራሱን የቻለ ጌም ሆነና፣ ሲልክሶንግ ተብሎ በ2019 ተዋውቆ በ2025 ወጣ። የመጀመሪያው ጌም ገቢ ባይደግፋቸው ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ሳይቸኩሉ ሊሠሩ ባልቻሉም ነበር፤ እዚህ ላይ ትርፉ የፍቅሩ ጠላት አልነበረም።

እርስዎም ከአንድ ግንድ የሚጠርቡትን ባለሦስት እግር በርጩማ ዕድሜዎን ሙሉ ደጋግመው እየሠሩና እየሸጡ አሳድገውናል፤ ሆኖም የገበያ ቀን ደረሰ ብለው ያላለቀውን ያወጡበትን ጊዜ አላስታውስም። ሥራው መቼ እንዳለቀ የሚወስኑት እርስዎ ነበሩ። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ለዓመታት ደመወዝ ስለሚከፈላቸው፣ ገንዘቡን ያወጣው ወገን የታወቀ ስምና የተቆረጠ ቀን ይፈልጋል፤ ሥራውን የሚወዱት ሠራተኞች እዚያም አሉ፣ ቀኑን የሚቆርጡት ግን እነርሱ አይደሉም።

የዘንድሮውን የእግር ኳስ ጌም ለልጁ አልገዛለትም፤ ያለው ይበቃዋል። ነገር ግን አድጎ ጌም ሠሪ መሆን እንደሚፈልግ በጽኑ ነግሮኛልና፣ ሲደውልልዎ ሙያው በሙሉ ንግድ ብቻ እንደሆነ እንዳይነግሩት አደራ እልዎታለሁ፤ ከእኔ ይልቅ የእርስዎን ቃል ይሰማል።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከጅማ