ጠብ አይደለም እማዬ፣ የሌከርስ ሴንተር ነው

ሎስ አንጀለስ
ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም አለ። ለጣሪያው የሚሆን ትንሽ ብር ልኬያለሁ፤ ክረምቱ ሳይብስ ቆርቆሮው ይቀየር።

ባለፈው እሁድ ስትደውይ ከጀርባዬ ጩኸት ሰምተሽ "ልጄ ከሰው ተጣልቷል" ብለሽ ስትጨነቂ እንደዋልሽ እህቴ ነገረችኝ። አልተጣላሁም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት፣ ከተማው ራሱ "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ የሰየመው ሰፈር ነው። የምንጨቃጨቀው ሌከርስ ለሚባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ማን ሴንተር ይሁን እያልን ነው። ሌላ ምንም የለም። አዎ፣ ትልልቅ ሰዎች ነን። አዎ፣ ቡድኑ አያውቀንም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ወንድሜ ያንብብልሽ፤ ግን እሱ የአርሰናል ሰው ስለሆነ ከራሱ እንዳይጨምርበት። ወሩን በእኛ፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ሴንተር ማለት ከቡድኑ ረጅሙ ሰውዬ ነው። ቅርጫቱ ሥር ይቆማል። የሚገባውን ያግዳል፣ ስቶ የተመለሰውን ኳስ ይለቅማል፣ ከላይ የተወረወረለትን ዘሎ ይዞ ቅርጫቱ ውስጥ ይደፍናል። ሌከርስ ደግሞ የረጃጅሞች ቤት ነበር። ዊልት ቻምበርሊን እዚህ ተጫውቷል። ከሪም አብዱልጀባር በ1975 ከሚልዋኪ መጥቶ እዚሁ ጡረታ ወጣ። ሻኪል ኦኒል በ1996 መጣ። እኛ መሀል ከከሪም ዘመን ጀምሮ እዚህ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ለእሳቸው ያለ ሴንተር ሌከርስ የለም። ዛሬ ያሉትን ደግሞ አንዱንም አይወዱም፤ "ይሄ ሴንተር ነው? ይሄ የከሪምን ቦርሳ መሸከም ነበረበት" ይላሉ።

ጣጣው የመጣው በ2025፣ ጥር 24፣ ቅዳሜ ማታ ነው። አንቺ ጋ እሁድ ጠዋት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ። ሌከርስ አንቶኒ ዴቪስን ለዳላስ ሰጥቶ ሉካ ዶንቺች የሚባል የስሎቬንያ ልጅ ወሰደ። ወሬው ሲወጣ ሰው ሁሉ የጋዜጠኛው አካውንት ተጠልፏል ብሎ ነበር። እኔም መኪናዬን ዳር አቁሜ ሁለቴ አነበብኩት። ሉካ ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ ዳላስን ከወራት በፊት ለዋንጫ ጨዋታ ያደረሰ ልጅ ነው።

መቼም "ሰው ይለዋወጣሉ እንዴ?" እንደምትዪ አውቃለሁ። ይለዋወጣሉ። ልጁም አልተጠየቀም፤ እንደማንኛውም ሰው ድንገት ነው የሰማው። በሚሊዮን ስለሚከፈላቸው ማንም አያዝንላቸውም። እኔ ትንሽ አዝናለሁ።

ደስታችን ግን አንድ ሌሊት ነው የቆየው። የሄደው ዴቪስ ነበር ቅርጫቱን የሚጠብቀው። እንዲያውም ከመሄዱ ቀደም ብሎ "አጠገቤ ሌላ ረጅም ሰው ጨምሩልኝ" እያለ ነበር። ቡድኑ አንድ ሴንተር ሲጎድለው የነበረውንም ሸኘ። ሉካ ደግሞ ኳስ ወደ ላይ ወርውሮ ዘሎ የሚቀበለው ሰው ሲኖር ነው የሚያምርበት። ዳላስ ላይ ሁለት እንዲህ ዓይነት ልጆች ነበሩት፣ ላይቭሊና ጋፎርድ። እዚህ የጠበቀው ጃክሰን ሄይስ ብቻ ነው። ይዘላል፤ ከዚያ ያለፈውን ለእግዚአብሔር ትተንለታል።

ተጫዋች የሚለዋወጡበት ጊዜ፣ መስኮት የሚሉት፣ የሚዘጋው ጥር 29 ነበር። አምስት ቀን ቀረን። ያን ሳምንት ፌርፋክስ ላይ ስለ ፖለቲካ ያወራ ሰው አላየሁም።

ሕጉን ካላወቅሽ ጭቅጭቁ አይገባሽም። አርሰናል ሰው ሲፈልግ ብር ከፍሎ ይገዛል። እዚህ እንደዚያ አይሆንም። ሰው ሰጥተሽ ሰው ትወስጃለሽ፣ የሁለቱም ደሞዝ መቀራረብ አለበት። ካልበቃም የድራፍት ተራሽን ትጨምሪያለሽ። ድራፍት በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶች የሚመረጡበት ቀን ነው፤ ያቺ የመምረጥ ተራ ራሷ ትሸጣለች። ሌከርስ የ2027ን ለዩታ፣ የ2029ን ለዳላስ ሰጥቷል። የመጀመሪያ ዙር ተራን በተከታታይ ዓመታት አሟጦ መስጠት ደግሞ ክልክል ነው። ድሮ የክሊቭላንድ ባለቤት የነበረ ቴድ ስቴፒን የሚባል ሰው ተራውን እየበተነ ቡድኑን ስላራቆተ የወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ ያኔ ለሌከርስ የቀረችው የ2031 ብቻ ነበረች። በዚያች ተራ የሚመረጠው ልጅ ያኔ 12 ወይም 13 ዓመቱ ቢሆን ነው። እኛ ግን ቡና ላይ ስንት ጊዜ ሸጠነዋል መሰለሽ!

ከመሀላችን አንዱ፣ የጅማው ልጅ፣ ዎከር ኬስለርን ከዩታ እናምጣ ይል ነበር። ጎበዝ ነው፣ ልጅ ነው፣ ደሞዙም ያኔ ትንሽ ነበር። ግን ለምን ይሰጡናል? ዩታ ላይ ደግሞ ያኔ ዋናው ሰውዬ ዳኒ ኤንጅ ነበር፣ በሰማንያዎቹ በቦስተን ማልያ ከሌከርስ ጋር ሲናከስ የነበረው። እሱ ለሌከርስ ረክሶ ይሸጣል የሚል የዋህ ነው። ሌላው ኒክ ክላክስተንን ከብሩክሊን ይል ነበር፤ ውሉ ረጅምና ውድ ነበር። ካፔላን ያነሳ ነበር፤ ዕድሜው እየገፋ ነው። ቫላንቹናስ ጉልበታም ነው፣ ግን እግሩ ከባድ ነው።

እኔ የታዘብኩት ምን መሰለሽ? ደጋፊ ሁሉ የሚያመጣውን ከሚወደው፣ የሚሰጠውን ግን ከማይወደው ነው የሚመርጠው። "እገሌን ከነእገሌ እንስጣቸው" ሲሉ የሚጠሩት ስም ወንበር ሲያሞቅ የከረመውን ነው። ሌላው ቡድን ዓይን የለውም? ይሄን ስል ነው ድምፄ ከፍ የሚለው፤ አንቺ የሰማሽው ምናልባት እሱን ይሆናል።

ጋሼ ደግሞ ሁልጊዜ ፓው ጋሶልን ይጠራሉ። በ2008 ከሜምፊስ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዝርፊያ ነው ብሎ ነበር፤ ሌከርስም በ2009 እና በ2010 ዋንጫ በላ። እውነት ነው። ግን በዚያ ልውውጥ የጋሶል ታናሽ ወንድም ማርክ ወደ ሜምፊስ ሄዶ በ2013 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ያኔ እንኳ በነፃ አልነበረም።

መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ተገኘ። ማርክ ዊሊያምስ፣ ከሻርሎት፣ 23 ዓመቱ። ሌከርስ ዳልተን ክኔክት የሚባለውን አዲስ ልጅ፣ ሌላ ተጫዋችና ያቺን የ2031 ተራ ሰጠ። የጅማው ልጅ ለሁላችንም ማኪያቶ ጋበዘ። ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ነርስ ጓደኛችን ብቻ ዝም አለች። በኋላ "ጀርባውን ታሟል፤ አንድ ዓመት ሙሉ 19 ጨዋታ ነው የተጫወተ። ምርመራውን ያልፋል ብላችሁ ነው?" አለች። ሰደብናት።

አላለፈም። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ልትሄድ ቪዛዋ አልቆ፣ ሻንጣዋ ታስሮ፣ የጤና ምርመራው እንዴት እንዳስቀራት ታስታውሺያለሽ? ልክ እሱ ነው። የካቲት 1 ማታ ሌከርስ ልውውጡን ሰረዘ። መስኮቱ ከተዘጋ ሁለት ቀን አልፎት ነበር፤ በልውውጥ ሌላ ሰው ማምጣት አይቻልም። ክኔክትም የሸኙትን ጓደኞቹን ተመልሶ "ሰላም ናችሁ?" ማለት ነበረበት። እኔ ብሆን አፍር ነበር።

ደግሞ ስሚ። የካቲት 12፣ በእኛ የሰማዕታት ቀን፣ ያው ሻርሎት ወደ ሎስ አንጀለስ መጣ። ዊሊያምስም ተሰልፎ ተጫወተ። 100 ለ 97 አሸንፈውን ሄዱ። ያን ማታ ስልኬን ዘጋሁ።

በዚያም ሆኖ ቡድኑ 50 ጨዋታ አሸንፎ በሊጉ የምዕራብ ምድብ ሦስተኛ ወጣ። ፕሌይኦፍ በሚባለው የጥሎ ማለፍ ውድድር ላይ ግን የጎደለው ታየ። ከሚኒሶታ ጋር በአራተኛው ጨዋታ አሰልጣኙ ጄጄ ሬዲክ ከእረፍት በኋላ አምስቱን ተጫዋቾች አንድም ሳይቀይር ጨረሰ። ሴንተር ከመሀላቸው የለም። ሌብሮን ጄምስ 40 ዓመቱ ነበር፤ እስትንፋሱ ሲያጥር በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። በሦስት ነጥብ ተሸነፉ።

አምስተኛው ሚያዝያ 22 ነበር። ሚኒሶታዎች ከሩቅ 47 ጊዜ ወርውረው የገባላቸው 7 ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ማንም ቡድን ይሸነፋል። እነሱ ግን አሸነፉ፣ 103 ለ 96። ለምን? ሩዲ ጎቤር የሚባለው ፈረንሳዊ ሴንተራቸው 27 ነጥብ አገባ፣ 24 ኳስ ለቀመ። የሳቱትን ሁሉ እሱ እያነሳ ይመልሰዋል፤ የሚገፋው ሰው የለም። ጋሼ ጨዋታው ሳያልቅ ኮታቸውን ይዘው ወጡ።

አሁን ሰኔ መጨረሻ ላይ ሴንተር መጣ። ዴአንድሬ ኤይተን፣ ከፖርትላንድ። እዚያ ውሉን ተስማምተው አፈረሱለት፣ ስለዚህ ሌከርስ ሰው አልሰጠ፣ ተራም አልሰጠ። በ2018 ድራፍት አንደኛ የተመረጠው እሱ ነው፤ ሉካ ያን ቀን ሦስተኛ ነበር። እሁድ ዕለት የነበረው ጩኸት እንግዲህ ይሄ ነው። የጅማው ልጅ "በየካቲት ዊሊያምስን ብንይዝ ሚኒሶታን እናሸንፍ ነበር" ይላል። እኔ አይመስለኝም። ያቺ አንዲት ተራ ኪሳችን ውስጥ ቀርታለች፤ የዊሊያምስን ጀርባ ደግሞ ሻርሎትም አላመነውም መሰለኝ፣ በሰኔ ለፊኒክስ ሰጠው። የከረመው ከረመ።

ኤይተንን ግን አምነዋለሁ ማለቴ አይደለም። ሰውነቱ ሙሉ ነው፣ እጁም ለስላሳ ነው። ጥሩ አቀባይ ሲያገኝ በ2021 ፊኒክስን ለዋንጫ ጨዋታ ካደረሱት አንዱ ነበር። ሲፈልግ ይጫወታል፣ ሳይፈልግ ቆሞ ያያል። ባለፈው ዓመት ደግሞ ግማሽ ያህሉን ጨዋታ አልተሰለፈም። ነርሷ ገና ካሁኑ ስለ ጉልበቱ እያነበበች ነው፤ ዘንድሮ ማንም አይሰድባትም። ጋሼ ከእኔ ጋር ክትፎ ተወራርደዋል። እሳቸው "እስከ ገና ድረስ ሌላ ሴንተር ስትፈልጉ ትገኛላችሁ" ይላሉ፤ እኔ እስከ ፋሲካ ይቆያል ባይ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን አልተወራረድኩም።

ሊጉ ጥቅምት ላይ ይጀምራል። እዚህ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ጠዋት ስለሆነ ወንድሜ ከሥራ በፊት ትንሽ ማየት ይችላል። አርሰናልን ይተው አላልኩም።

ቆርቆሮውን አስቀይረሽ ስንት እንደፈጀ ንገሪኝ፤ ከጎደለ እጨምራለሁ። ፍልሰታን በሰላም ያስጀምርሽ። ጉልበትሽን ግን ስግደት እንዳታበዢበት፣ አባም ቢሆኑ ይፈቅዱልሻል።

ልጅሽ