ደብዳቤ ለልጄ፦ አንድ ዋንጫ ለአራት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እንግሊዝና ስኮትላንድ በየዓመቱ ይገናኙበት ስለነበረው የእግር ኳስ ውድድር ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የብሪታንያ ሻምፒዮና በ1884 ተጀምሮ በ1984 አበቃ። ተሳታፊዎቹ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ ነበሩ፤ በአየርላንድ ቦታ ኋላ ሰሜን አየርላንድ ተተካች። ቀድሞ የአራቱ አገሮች የእግር ኳስ ፌዴሬሽኖች የየራሳቸው የጨዋታ ሕግ ነበራቸው፤ በ1882 መጨረሻ ማንቸስተር ላይ ተሰብስበው በአንድ ሕግ ተስማሙ።

ደርሶ መልስ አልነበረም፤ ሁለት ቡድኖች በዓመት አንዴ ብቻ ይገናኙ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ጊዜ ይጫወት፣ ሜዳውም በየዓመቱ ይቀያየር ነበር። ለአሸናፊ 2 ነጥብ፣ ለአቻ 1። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስት ጨዋታ ብቻ ነጥብ እኩል መሆን ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የግብ ክፍያ (አንድ ቡድን ባገባውና በገባበት ግብ መካከል ያለው ልዩነት) ደግሞ እስከ 1978 ድረስ አይቆጠርም ነበር። እስከዚያ ድረስ እኩል አንደኛ የወጡት ዋንጫውን ይካፈሉ ነበር።

በ1950 ውድድሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ስለነበር አንደኛና ሁለተኛው ያልፋሉ ተባለ። የስኮትላንድ ፌዴሬሽን ግን «ሻምፒዮን ካልሆንን አንሄድም» አለ። በራሳቸው ሜዳ በሃምፕደን ፓርክ በእንግሊዝ 1ለ0 ተሸነፉና እንዳሉት ቀሩ። አቻ ቢወጡ እኮ ዋንጫውን ተካፍለው ለዓለም ዋንጫው ብራዚል ይሄዱ ነበር! እንዲህ ያለ ግትርነት ያበሳጫል።

በ1956 እዚያው ሜዳ ስኮትላንድ 1ለ0 እየመራች ሳለ የእንግሊዙ ጆኒ ሄይንስ በመጨረሻዋ ደቂቃ አቻ አደረገ። አራቱም አንድ አሸንፈው፣ አንድ ተሸንፈው፣ አንድ አቻ ወጥተው 3 ነጥብ ያዙ፤ አራቱም ሻምፒዮን ተባሉ። የግብ ክፍያ ቢታይ እንግሊዝ በ2 ንጹህ ግብ ብቻዋን ታነሳው ነበር።

1981 ግን ያለ ሻምፒዮን አለፈ። በሰሜን አየርላንድ ሁከት የተነሳ እንግሊዝና ዌልስ ቤልፋስት አንሄድም በማለታቸው ሁለት ጨዋታዎች ሳይካሄዱ ቀሩ።

የ1984ቱን የመጨረሻ ጨዋታ ብታዪው ይገርምሻል። ስኮትላንድና እንግሊዝ አሁንም ሃምፕደን ላይ 1ለ1 ተለያዩ፤ አራቱም ዳግመኛ 3 ነጥብ ያዙ። በዚህ ጊዜ ግን የግብ ክፍያ ተቆጠረ። 3 አግብታ 2 የገባባት ሰሜን አየርላንድ በዕለቱ ሳትጫወት ሻምፒዮን ሆነች። እንግሊዝና ስኮትላንድ የጨዋታ መደራረብንና የተመልካች መቀነስን ምክንያት አድርገው እንደሚወጡ አስቀድመው አሳውቀው ስለነበር፣ ዋንጫው በዚያው በሰሜን አየርላንድ ፌዴሬሽን እጅ ቀረ።

አባትሽ